በሐይቅ ጭቃ የተለካ እግር

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ጫማ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። የልጅ ልጄ ልትዳር ነው፤ ለሠርጓ የሚሆን፣ ጉልበቴን የማያስቀይም ዝቅ ያለ ጫማ ፈልጌ ነው። ሻጩ ለጋ ወጣት ነው፤ በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ በሌላው ጫማ ያወርዳል። ከጓዳ የማስቲሽ ሽታ ይመጣል፤ የተገነጠለ ሶል የሚለጥፍ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ያ ሽታ የድሮ ጫማ ቤት አስታወሰኝ። «እማማ፣ ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለኝ ልጁ። ቁልቁል እግሬን አየሁ። ጆሮዬ የደከመ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ። ጆሮዬስ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ቁጥሬን ግን አላውቀውም። ልጅ ድሬ፣ የልጅ ልጅ ልድር ነው፣ የእግሬን ቁጥር የማላውቅ ሴት ነኝ። ልጆቼ ከደሴም ከአዲስ አበባም ጫማ ሲያመጡልኝ በግምት ነው፤ ከሰፋኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ እጠቀጥቅበታለሁ፣ ከጠበበኝ ለጎረቤት እሰጣለሁ። ይህን ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ «አንተው ገምት» አልኩት። እሱ ሲገምት እኔ እዚያች በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ ወደ ድሮው መንገድ ዳር ሄድኩ።

ያን ጊዜ ሐይቅ እንዲህ ግራ ቀኟ ፎቅ አልነበረም፤ ባጃጅ የሚባል ነገርም አልተወለደም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። በመንገዱ ዳር ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ወፍጮው፣ ከወፍጮው ቀጥሎ የአባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ ከዚያ አረንጓዴ በር ያላት ጠባብ ቤት። በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። አያስፈልጋትም ነበር። አውቶቡስ ሲቆም የሚወርደው መንገደኛ ገና እግሩን ሳያፍታታ «የእንድሪስ ቤት የቱ ነው?» ይላል፤ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ በጣቱ ያሳየዋል። ጋሼ እንድሪስ ጫማ ሠሪ ነበር። እንዲህ ብዬ ብተወው ግን እበድለዋለሁ፤ ጫማ የሚሠራማ ደሴም ሞልቶ ነበር። እሱ ጫማ ይፈጥር ነበር ብል አላህ ይቆጣኝ ይሆናል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ግን አላገኘሁም። በወጣትነቱ አስመራ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ተምሮ፣ እዚያው ቤት ንብረት ሊያበጅ ሲችል፣ እናቱ እማ ዘሀራ «የሐይቁን ውኃ ሳላይ ማደር አልችልም» ስላሉ ተመልሶ የመጣ ሰው ነው። ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ሸሚዙ ሁሌ ነጭ ነው። እግሩ ላይ ግን ያው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነበር የሚያደርገው። «ጋሼ እንድሪስ፣ ለራስህስ?» ሲሉት «ወጥ ሠሪ ቀምሳ ትጠግባለች» ይላል።

የሴት ጫማ ነበር ሥራው። ቆዳው የደረቀ በርበሬ ቀለም ነው፤ ጥቁርም ይሠራል፣ ግን ሰው የሚመኘው ያን ቀዩን ነበር። ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ወደ አውራ ጣት የሚወርድ አንድ ቀጭን ስፌት አለው፤ ስፌቱ የአምባሰል ልጃገረድ ሹሩባ ነው፣ ከጆሮ በላይ የሚዞረው። ታኮውን ከወይራ እንጨት ይጠርበዋል። ቁመቱን ሲጠይቁት «ለከተማ ሰው አምስት ጣት፣ ለእኛ ድንጋይ ሦስት ጣት» ነው መልሱ። ዋጋው የአንድ ደህና በግ ዋጋ ነበር። በዚያ ዘመን በረባሶ በሳንቲም ይገዛል፣ ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ ሁለት ብር አይሞላም፣ ሸራ ጫማ ያደረገ ተማሪ ይከበራል። እና በግ ሸጦ ጫማ መግዛት እብደት ነው። ሰው ግን አበደ። ሹፌሮቹ ከወልድያም ከደሴም ትእዛዝ ያመጡለታል፤ አንዳንዴ አዲስ አበባ ላለች ባለ ሥልጣን ሚስት ይላካል ይባል ነበር። ከውጫሌ በላይ ካለው ተራራ ሳይቀር ሙሽሮች በበቅሎ ይወርዱ ነበር። «ጫማ አድርጋለች» አይባልም፤ «እንድሪስ አድርጋለች» ነው የሚባለው። ሽማግሌ ሲላክ በጥሎሽ መሃል «እንድሪሱስ?» ተብሎ ይጠየቃል። በአምባሰል ቅኝት ሴቶች እንዲህ ብለው ዘፈኑለት፦

እግሯን አስለክታ ከሐይቅ ከተማ፣
አምባሰል ወጣችው ድንጋዩን ሳትሰማ።

አለካኩ ነው እስከ ዛሬ ቁጥሬን ያሳጣኝ። ጋሼ እንድሪስ በሜትር አይለካም፣ የሴት እግርም በእጁ አይነካም። ከሐይቁ ዳር ድንጋይና ሥር የሌለበት ጭቃ ያስመጣል፤ ያንን አሽቶ፣ ወንፍቶ፣ በእንጨት ሳህን ላይ ያነጥፈዋል። ሴትየዋ ትረግጠዋለች። እሱ በዚያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከወረደች በኋላ ዞሮ ያየዋል፤ አንዳንዴ ረጅም ጊዜ። «በግራ ትደገፊያለሽ» ይላል፣ ወይም «ልጅ ሳለሽ እሾህ ወግቶሻል፣ እዚህ ጋ ትሸሺያለሽ»። የደረቁት ጭቃዎች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ይኖሩ ነበር፤ የሐይቅና የአምባሰል ሴቶች እግር ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ማንም እሺ አላለውም አሉ። የረገጡትን አፈር ለሰው መስጠት በእኛ አገር የሚያስፈራ ነገር ነው፤ የእግር አፈር ወስዶ የሚደግም አለ ይባላል። በዚያ ላይ እሱ ማን እንደሆነ ሰው ያውቃል። መጀመሪያ የረገጠችው እናቴ ሐዋ ናት። አባቴ ሲቆጣት «የተለካው እግሬ ነው፣ ኢማኔ አይደለም» አለችው። እሷ ጫማዋን አድርጋ ከሱቁ እስከ መስጊዱ መታጠፊያ ስትሄድ ያዩ ሴቶች በሳምንቱ ጭቃው ጋ ተሰለፉ።

«እሱ ማን እንደሆነ ሰው ያውቃል» ያልኩትን ሳልናገር ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። የእማ ዘሀራ አባት ቆዳ ፋቂ ነበሩ። ፋቂ የሚለው ቃል በሐይቅ ገበያ በጩኸት አይነገርም፤ በዓይን ነው የሚነገረው። ሰው ጫማውን ይወስዳል፣ ይመርቀዋል፣ ሰላም ይለዋል። ቤቱ ግን አይበላም። ልጃገረዱ ሁሉ በእሱ ጫማ ተዳረች፤ ለእሱ ልጄን ልስጥህ ያለ አባት አልነበረም፣ ሳያገባ ቀረ። ሠርግ ላይ የሠራው ጫማ ከሙሽራዋ ጋር ዳሱ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ከደጅ፣ ለብቻው በተሰጠችው በርጩማ ይቀመጣል። አባቴ ጎረቤቱ ነበር፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም አባቴ፣ ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም። ከአስመራ በጎረምሳነቱ የገዛው ቡናማ የጣሊያን ጫማ ነበረው፣ በጣም የሚወደው። ሶሉ ባለቀ ቁጥር ግን እዚህ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ትቶ በሹፌር ደሴ ይልከዋል። ጋሼ እንድሪስ ይህን ያያል።

እሱ ከሐይቅ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቅሬ መግባት። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ከዚያ ይበልጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል፣ ጀናዛውን፣ አስከሬኑን ማለት ነው፣ በቃሬዛ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል፣ አብሮ ያድራል። ቅሬ የሌለው ሰው በቁሙ የሞተ ነው። የሟች የቅርብ ዘመድ ደግሞ ያን ጊዜ ጫማ አያደርግም ነበር፤ እናት የሞተችበት፣ ወንድም የሞተበት በባዶ እግሩ ይወጣል፣ ሌላው ለቀስተኛ በጫማው ይከተላል። አንድ ሰው ባዶ እግሩን ለቅሶ ቤት ሲገባ ካየን «ሟቹ ምኑ ነው?» እንላለን። የቅሬው አባት የኔ አባት ነበር። ጋሼ እንድሪስ በየዓመቱ፣ ከረመዳን በኋላ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ እኛ በረንዳ ላይ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቆምና ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ እምቢ አይሉም። እምቢ ማለት ነውር ነው። «ይደር» ይላሉ። ነገሩ ይደር፣ እንምከርበት ማለት ነው። እሱም «እሺ፣ ይደር» ብሎ እጅ ነሥቶ ይወጣል። በሚቀጥለው ዓመትም ይደር። እኔ ያን ቃል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ለኒካ ሠርጌ ጫማ ልለካ የሄድኩ ቀን እማ ዘሀራ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። «የአህመድ ልጅ ነሽ? ነይማ እቴ» አሉና እጄን ያዙኝ። እጃቸው ደረቅና ሙቅ ነበር። «አባትሽን አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ ከኔ አፍ ሳይሆን ከልጁ አፍ ሲሰማው ይሻላል። እኔ የሐይቅ ሰው እንዲበላልኝ አልፈልግም፣ እንዲዳርልኝም አልፈልግም። ሰው እንዲቀብረኝ ብቻ ነው። ልጄ ብቻውን እየጎተተ እንዳይቀብረኝ። ይህን ብቻ።» ጋሼ እንድሪስ ከውስጥ «እማ፣ ተይ ልጅቷን» አላቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እኔ ጭቃውን ረገጥኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ዞሮ ሲያየው ፈገግ አለ፤ «የእናትሽ እግር ነው፣ ፋጤ። የትም ባየው አልስተውም» አለኝ። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና «ሰውየው ምንም አይወጣለትም። ዘር ነው ነገሩ፤ እኔ ያመጣሁት አይደለም» አለ። ከዚያም «ይደር» አለኝ። ለልጁም ይደር።

እንግዲህ አብዮቱ መጥቶ ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ለእኔ ያ ዘመን አንድ ረጅም ስብሰባ ነው። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ይዘፍናል፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ ስኳር በቀበሌ ነው፣ ቀሚስ ያው አንድ ዓይነት ካኪ ሆኗል። ወንዶች ልጆች ለዘመቻ ይወሰዳሉ፤ እናቶች ስማቸውን እንኳ ጮክ ብለው አይጠሩም። በዚህ መሃል አዲስ የቀበሌ ሊቀመንበር መጣልን። ሚስቱ እንድሪስ አድርጋ ነበር የምትሄደው፤ እሱ ራሱ ነው ያስለካላት። አንድ እሑድ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰበሰበንና ሙያ መናቅ የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ ነው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ እናቴ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻለሁ። በመጨረሻ «ከዛሬ ጀምሮ ጓድ እንድሪስ የቅሬው ሙሉ አባል ነው። የሚቃወም እጁን ያንሣ!» አለ። ዘበኞቹ ጠብመንጃቸውን እንደያዙ ቆመዋል። በዚያ ዘመን ማን እጅ ያነሣል? ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንድ እጅ ብቻ ከኋላ ተነሣ። ነጭ እጅጌ ነበር።

«አንተ ራስህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ጋሼ እንድሪስ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስላሰቡልኝ አላህ ይስጥልኝ። ለእናቴ ተሸካሚ ብቻ ቢሆን የምፈልገው በገንዘብም ይገኛል። የምፈልግላት ቀባሪ ነው። ቀባሪ ደግሞ ታዞ አይመጣም። እነዚህ ሰዎች ፈርተው እናቴን ከሚሸከሙልኝ እኔው ብቻዬን ብሸከማት ይሻለኛል።»

አባቴን አየሁት፤ ከግንባሩ ላይ ላብ ጠረገ። እማ ዘሀራ ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ማታ ልጃቸው ያደረገውን ሲሰሙ «ደግ አደረግህ» አሉት፣ አለቀሱም ይባላል። ሰው ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ተረተበት፣ ምክንያቱም የብብቱም ወዲያው ወደቀ። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት ተዋረድኩ ብሎ ቂም ያዘ። በሳምንቱ አረንጓዴዋ በር ታሸገች፤ ባለ ታኮ ጫማ የቡርዧ ጌጥ ነው ተባለ። ሚስቱ ያን ቀን እግሯ ላይ ምን አድርጋ እንደነበር አላየሁም። የግድግዳውን ጭቃዎች ዘበኞቹ «ጥንቆላ ነው» ብለው አውጥተው ቦይ ውስጥ ከሰከሷቸው። የሐይቅ ሴቶች በየደጃፋችን ቆመን አየን። ስብርባሪው መሃል የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ተረከዝ ሙሉውን ቀርቶ ነበር። ማታውን ዘነበ፤ ጠዋት ቦዩ ውስጥ ተራ ጭቃ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እንድሪስን ከሌሎች ባለ እጆች ጋር አንድ መጋዘን ውስጥ አስገቡት፣ የሚሊሺያ ቦት ጫማ ሊሰፋ። ቁጥር ያኔ መጣ፤ ሰላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ። እግር ሳያይ ጫማ ይሠራ ጀመር። አንዴ በአንዱ ቦት ጎን ላይ ያቺን የሹሩባ ስፌት አስገብቶ ተገኘና ተገሠጸ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያን ቦት የትኛው ወታደር ለብሶት የት እንደደረሰ አላህ ይወቅ። ሙሽሮች በኮንጎ ይዳሩ ጀመር። ዘፈኑም ጠፋ። ስፌቷ ግን አልጠፋችም፤ ደሴ ውስጥ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የአበሻ ጫማ ጎን ላይ የምትዞረውን መስመር እዩ። ልጆቹ የፋብሪካ ፋሽን ይመስላቸዋል። አረንጓዴዋ በር ከዓመታት በኋላ ደርግ ሲወድቅ እንደገና ተከፈተች፤ ግን እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ከዚያ በፊት የሆነውን ነው።

ክረምት ነበር፣ ከሐይቁ በኩል ጉሙ ተነሥቶ ከተማዋን የሚውጥበት ጊዜ። ከባሌ ቤት እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ በረንዳችን ላይ ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ ለአፍታ አባርቷል። አንድ ሰው መጥቶ «እማ ዘሀራ ወደ አኼራ ሄዱ» አለ። ሁሉም «ኢና ሊላሂ» አሉ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና «ሰውየው ራሱ በአደባባይ አልፈልግም ብሏል» አለ። ሌላው «የቀበሌውም ነገር አለ። ምን ይሉን ይሆን?» አለ። ዓይኑ ሁሉ አባቴ ላይ ሆነ። አባቴ ተቁነጠነጠ። ሊናገረው የነበረውን ቃል ከአፉ ሳይወጣ አወቅኩት። «እንግዲህ፣ እስኪ ለዛሬ ይደር…» አለ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ያኔ እግሯ ላይ ያ መጀመሪያ የተሠራላት ቀይ ጫማ ነበር፤ ቀለሙ ለቆ፣ ታኮው ሁለቴ ተቀይሮ፣ ስፌቱ ግን እንዳለ ነው። ጎንበስ ብላ አንዱን አወለቀች። ሁለተኛውንም። ጎን ለጎን ደጃፉ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«አህመድ» አለችው። በሰው ፊት በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። «ጀናዛ አያድርም።»

ነጠላዋን ገልብጣ አጣፋች፣ ወደ ጭቃው ወረደች። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተከተልኩ። ከኋላችን ወፍጮው ጋ ጎረቤታችን እትዬ የሺ በር ላይ ቆማለች፤ ክርስቲያን ናት፣ ከእናቴ ጋር አንድ ላይ ነው የተለካችው። የእናቴን እግር አየች። ምንም አልጠየቀችም፤ ወደ ቤት ተመለሰችና ባዶ እግሯን ወጣች። ከዚያ ከሻይ ቤቱ፣ ከዚያ ከመስጊዱ መታጠፊያ፣ ከዚያ ከገበያው በኩል ሴቶች ይወጡ ጀመር። ዱበርቲ የምንላቸው ዱዓ አድራጊ አሮጊቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው ወጡ። ለሠርጋቸው ብቻ አንድ ቀን እንድሪስ ያደረጉ፣ ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ጫማውን በሣጥን የቆለፉ ሴቶች ወጡ። ማንም ማንንም አልጠራም። የሐይቅ ጭቃ በጣቶቼ መሃል ሲገባ ይሰማኝ ነበር፤ ያ ቀዝቃዛ ጭቃ።

ጋሼ እንድሪስ ደጁ ላይ መሬት ተቀምጦ ነበር፣ ጋቢውን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ ባዶ እግሩን። ከአጠገቡ አንድ አካፋ አለ፤ ብቻውን ሊቆፍር ነበር። ሐዘንተኛ ቀና ብሎ ሰው አያይም፣ መሬት ነው የሚያየው። እናቴ ፊቱ ደርሳ ቆመች። እሷ አፏን ሳትከፍት እሱ ተናገረ።

«እትዬ ሐዋ» አለ፣ ቀና ሳይል። «በዚህ ጭቃ መጡ?»

«አብሽር እንድሪስ። አላህ ያጽናህ» አለችው እናቴ።

ቀጥላ እትዬ የሺ ፊቱ ቆመች። «የሺ፣ ያቺ ትንሿ ጣትሽ ዛሬም አልዳነችም?» አላት። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አነባች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። እያንዳንዷን በስሟ ጠራት። አንዳንዶቹን ከተዳሩ ጀምሮ አይቷቸው አያውቅም፤ ከአምባሰል ወርዳ ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷንም ጠራት። ቦዩ ውስጥ የከሰከሱት ጭቃ ሁሉ እሱ ውስጥ ነበር። እኔ ስደርስ «ፋጤ፣ አንቺም?» አለኝ። ሴቶቹ ቤቱን ሞልተን ጀናዛቸውን ልናጥብ ገባን፤ ከፈን ሲጎድል እናቴ ከአባቴ ሱቅ ሳታስፈቅድ አስመጣች።

እማ ዘሀራ ታጥበው፣ ተከፍነው አበቁ። ሶላት ይሰገድባቸውና ይወስዷቸው ዘንድ ወንድ ያስፈልጋል። ሴት መቃብር አትወርድም። ጋሼ እንድሪስ አካፋውን አነሣ። ከሴቶቹ መሃል ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። እናቴ ወደ መንገዱ አታይም ነበር፤ እኔ ግን አየሁ። ከአባቴ ሱቅ በኩል ጉሙ ውስጥ ሰዎች ይመጣሉ። ከፊት ሁለት ሰዎች የቅሬውን ቃሬዛ ይዘዋል። የእትዬ የሺ ባል ዶማ ትከሻው ላይ ነው። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ። ሊቀመንበሩ አላዘዛቸውም፤ ከነጭራሹ አልሰማም ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ኮቴያቸውን ሰማ መሰለኝ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ራሱን ደፋ። መጥተው ፊቱ ቆሙ። መሬቱን ሲያይ አየሁት፤ ዓይኑ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሄደ፣ አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰፊ እግር ነው። በባዶው መሬት ረግጦ የማያውቅ፣ ነጭ ተረከዝ፤ ጣቶቹ ጫማ ውስጥ ኖረው ኖረው የተጣበቁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል።

«ይህን እግር አላውቀውም» አለ ጋሼ እንድሪስ፣ ለራሱ ያህል። ከዚያ ቀና አለ።

አባቴ ነበር። ምን እንደሚል ያሰበበት አልመሰለኝም፤ አፉ ላይ የመጣውን ነው ያለው።

«እናታችንን ስጠን» አለው።

እማ ዘሀራን በሐይቅ ቅሬ ቃሬዛ፣ በሐይቅ ወንዶች ትከሻ ወሰዷቸው። የፊተኛው የቀኝ እጀታ አባቴ ትከሻ ላይ ነበር። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። እኔና እናቴ ወደ ማታ ላይ ነው ወደ ቤት የተመለስነው፤ አባቴ ገና ከለቅሶ ቤት አልወጣም፣ እዚያው ሊያድር ነው። በረንዳው ባዶ ነበር። ደጃፉ ላይ የእናቴ ቀይ ጫማ እንዳስቀመጠችው ጎን ለጎን ቆሟል፤ ከአጠገቡ ያ የአስመራ ቡናማ ጫማ፣ ዝናብ ሞልቶት።